አባቴ ለወግዲው ልጅ የሰጡት ቃል

ልጅ ሳለሁ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን አባቴ ደረሳ ሰብስበው ቁርኣንና ኪታብ ያስቀሩ፣ ያስተምሩ ነበር። ያኔ መብራት የለም፤ መሸት ሲል ደረሶቹ ፍሙን ከበው ይቀመጣሉ፣ እኔ ኩራዝ እይዝላቸዋለሁ። ቀን ከበሬ ጋር ስለምውል ፊደልም ሳልቆጥር፣ ቁርኣንም ሳልቀራ ቀረሁ። አንድ ሰው ካላረሰ ደረሳ ምን ይበላል?

አባቴ አብልጠው የሚወዱት ከወግዲ የመጣውን ሰይድን ነበር። እኩያዬ ነው። አንድ ምሽት ኑር ማለት ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። ጥያቄ ሲወዱ ፊታቸው ይፈታል፤ ኪታባቸውን አጠፉና እንደ ተረት አድርገው ጀመሩ። ኑር በዐረብ አገር ብርሃን ነው አሉ፤ እሳቱን ደግሞ ናር ይሉታል፣ ሁለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ኑር ከእስልምናው ጋር ተጉዞ ፋርስ አገር ገባ። ፋርሶች እንግዳውን ቃል ወደዱት፣ አገርህ ግባ አላሉትም፤ የሚሳሱለትን ልጅ «የዓይኔ ኑር» እያሉ ይጠሩበት ጀመር። ይህን ብለው የሰይድን ራስ ዳበስ አደረጉና፣ «አንተም ኑሬ ነህ» አሉት።

ጭሱ ይሁን እንጃ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ። ኩራዙም ዘንበል ብሎብኝ ይሆናል፣ አባቴ ቀና ሳይሉ፣ «ይመር፣ ኩራዙን ቀጥ አድርገህ ያዝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ኑሬ ሆኖ ቀረ። እናቴ ነገሬ ገብቷት፣ «የሆድ ልጅ በእንግዳ ይቀናል እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ይቀናል።

ኑሬ ቁርኣኑንም ኪታቡንም ቀርቶ ሲጨርስ አቀስታ ሄዶ እሱም አስቀሪ ሆነ። የአባቴ ዓይን ሲደክም እጃቸውን ይዤ መስጊድ የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ፤ መንገዱን ሁሉ የሚያወሩኝ ግን የሱን ነው። አንድ ቀን አላስችል አለኝ።

«አባ፣ እኔን አንድ ቀን እንኳ ኑሬ ብለውኝ አያውቁም።»

ቆም አሉ። «አንተማ ይመር ነህ» አሉኝ፣ ይህ ደግሞ ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙና መንገዳችንን ቀጠልን።

ያን መልስ ይኸው እስከ ዛሬ አገላብጠዋለሁ። አንዳንዴ ትልቅ ነገር የሰጡኝ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ምንም። በቀደም የልጅ ልጅ ተወልዶልን፣ ልጆቼ ኑሬ እንበለው አሉ፤ አጭር ነው፣ ለአፍም ይጥማል፣ የአያት ምርቃት ያክሉበት አሉኝ።

«እሱ ስም ተይዟል» አልኳቸው፣ «ሌላ ፈልጉ።»