ታቦቱ የቆመበት ዕለት

ያ ዕለት ረቡዕ ነበር ወይስ ሐሙስ? እስካሁን መልሱን አላውቅም። ፍራንክፈርት፣ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ትራም ስጠብቅ ደወል በሰማሁ ቁጥር ግን የአባቴና የአክስቴ ክርክር ጆሮዬ ውስጥ ያቃጭላል።

ያደግሁት በደቡብ፣ እንሰት በከበባት ትንሽ ከተማ ነው። ከቤታችን በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ አባቴ፣ አባባ፣ መሪጌታ ሆነው ያገለገሉበት ክቡ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነበር። በየዓመቱ ግንቦት አሥራ ሁለት፣ ንግሡ ሲያበቃ ዋርካው ሥር ቆመው የደብሩን ታሪክ ይተርኩ ነበር፦ በዚሁ ዕለት ካህናት ታቦት ይዘው ወደ ሌላ አገር ሲያልፉ፣ ኮረብታው ላይ ጥቂት አርፈው ሊነሡ ቢሉ ታቦቱ አልሄድም ብሎ ቀረ፤ ቤተ ክርስቲያኑም እዚያው ተሠራ። ሕዝቡ እልል ሲል ታላቅ እህታቸው እትዬ ዘነበች ብቻቸውን ያጉረመርሙ ነበር።

«የእናታችን ስምስ የት ገባ?» ይሉ ነበር ቤት ስንገባ። በእርሳቸው አነጋገር፣ ካህናቱ በዝናብ በስብሰው ሲደርሱ የእትዬና የአባባ እናት ባሎቴ የቡላ ገንፎ በቅቤ አርሳ አቀረበች። «በልተው በልተው መነሣት አቃታቸው! ታቦቱስ እንዲህ ያለ ደግ ቤት አይቶ ወዴት ይሂድ?»

«እትዬ፣ ዕለቱ እኮ ረቡዕ ነው። ካህናቱ በጾም ቀን ቅቤ በሉ ይሉኛል?» ይመልሳሉ አባባ።

«ሐሙስ ነው! ቅቤው ከገበያ የመጣ ነው፣ ገበያችን ደግሞ ሐሙስ። አንተ ያኔ መች ተወለድክና!»

«እርስዎስ ተወልደው ነበር?»

«በሆዷ ነበርኩ!»

ክረምት ገብቶ ጭጋግ ኮረብታውን ሲውጠው ክርክሩ ምድጃ ዳር ይቀጥል ነበር፤ በበጋ ሴቶቹ ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ ደግሞ መንደሩ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ረቡዕ፣ ግማሹ ሐሙስ እያለ ይስቅ ነበር። እትዬ ዘነበች ግን ከሳቁ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «አንቺ ዝምተኛ ነሽ፣ አትረሺም። አንድ ቀን የእናቴን ስም ንገሪልኝ» ይሉኝ ነበር።

እሺ ብያለሁ። ይሁንና ፊደል የለየሁት እዚህ ፍራንክፈርት ከመጣሁ በኋላ፣ ቀን ምግብ ቤት ሳሕን እያጠብሁ ማታ እየተማርሁ ስለሆነ፣ ዘግይቶ እንደተማረ ሰው ሁሉ ያላረጋገጥሁትን መናገር እፈራለሁ። ረቡዕ ከሆነስ? ካህናቱን ጾም አስገድፌ ላወራ ነው? አባባም እትዬም አረፉ፤ እኔም ዝም እንዳልሁ ቀረሁ።

እዚህ የምናስቀድሰው ጀርመኖቹ ለተወሰነ ሰዓት በሚያከራዩን ቤተ ክርስቲያን ነው። ያኔ ንግሥ ሲያልቅ ዋርካው ሥር ሲወራ ይመሻል፤ አሁን መጋረጃችንን አጥፈን፣ ወለሉን ጠርገን፣ ቁልፉን መልሰን እንበተናለን። ያለፈው ግንቦት ታዲያ ከሽማግሌው ካህናችን ጋር በኡባን፣ በከተማው ባቡር፣ ወደ ሰፈራችን ቦናመስ ስንመለስ «የአገርሽ ደብር እንዴት ተተከለ?» አሉኝና ሁሉንም፣ ረቡዕና ሐሙሱን ጭምር ነገርኳቸው።

«በየትኛው ወር ነው?»

«ግንቦት አሥራ ሁለት፣ አባ።»

ተሳፋሪው እስኪዞርብን ድረስ ሳቁ። «ልጄ፣ ግንቦት አሥራ ሁለት ምንጊዜም በበዓለ ሃምሳ ውስጥ እኮ ነው የሚውለው! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም።»

«አባባ ይህን ሳያውቁ?»

«መሪጌታ እንዴት አያውቁ! የገዛ እናታቸውን በሕዝብ ፊት ማወደስ አፍረው ነው እንጂ። በይ ስሟን ንገሪኝ፣ በጸሎት ላስባት።»

«ባሎቴ» አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ነበር።

«ባሎቴ» አሉ አባ፣ ቀስ ብለው። «ቅቤውስ ብዙ ነበር?»

ለዚህ ምንም ማስረጃ የለኝም።

«እጅግ ብዙ፣ አባ» አልኳቸው።