ስሙ የተነገረ መድኃኒት

በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምቴ ሳለን፣ የሕፃን ወንድሜ ነፍስ በአንዲት ላም ላይ ተንጠልጥላ ነበር። እናቴ እሱን ስትወልድ ጡቷ ደረቀ፤ የሚኖረው በላሟ ወተት ነው። ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ ከነቀምቴ አጠገብ ጉቴ ገባ ሲባል እንቅልፍ ከቤታችን ጠፋ። ለዚያ መቅሰፍት እንዲህ ያለ ስም ያወጣለትን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

የሸዋው አባቴ ተስፋው ሁሉ መንግሥት ከሚልካቸው የከብት ከታቢዎች ዘንድ ነበር። እናቴ ግን በአንድ ነገር ብቻ መመካት አልሆነላትም። አዴ የምንላቸው ጎረቤታችን፣ የአገሩ ተወላጅ አሮጊት፣ በሽታው ሳይደርስ የከብትን ደም የሚያጠነክር ቅጠል ያውቃሉ ይባላል። ከታቢዎቹ በሚመጡበት ዕለት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ አረንጓዴ ጭማቂ በቅል ይዘው መጡ። ከዚያው ለራሳቸው ላም አጠጥተው፣ በሽታውን እንድትሸሽ ኑኑ ቁምባ ወዳለው ልጃቸው ልከዋታል። የተረፈውን የኛዋን ጋቷት።

«ሰው እንዳይሰማ። የቅጠሉ ስም ከተነገረ ኃይሉ ይሽራል፤ ለኔም ላንቺም ይሽራል» አሉ።

«ቶሌ፣ አዴ» ብላ እናቴ በቋንቋቸው እሺ አለች።

ረፋድ ላይ ሜዳው ለክትባት በመጣ ከብት ሞላ። ላማችን አረንጓዴ ለሀጭ ታዝረበርባለች፣ ያስቀምጣታል። ከታቢው አያትና እጁን ሰበሰበ።

«ይቺን በሽታው ይዟታል። ተገድላ ትቀበር። ምን አብልታችኋት ነበር?»

አባቴ ምንም አያውቅም። እናቴ ሕፃኑን እንዳቀፈች ከንፈሯን ነክሳ ቀረች። ብትናገር መድኃኒቱ ይሽራል፤ ዝም ብትል ላሟ ትገደላለች። በእሷም በከታቢውም በገንኩ፤ «ተናገሪ!» ብዬ ልጮህ ስል፣ ሁለት ሰዎች ገመድ ይዘው ወደ ላሟ ሄዱ።

ያን ጊዜ አዴ ከሰው መሀል ወጡ።

«እኔ ነኝ ያጠጣኋት። ኢብቻ ነው፤ እናንተ ግራዋ የምትሉት።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ጋን የምናጥብበት፣ በየአጥሩ የበቀለ ግራዋ! ከታቢውም እየሳቀ የላሟን አፍ ከፍቶ ድዷን አየ፣ ትኩሳቷን ለካ። ቁስልም ትኩሳትም የለም፤ ያስቀመጣት ግራዋው ነው። ክትባቱን ወጋትና ለቀቃት። አዴ ግን አልሳቁም። ነጠላቸውን ተከናንበው ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ከኑኑ ቁምባ ወሬ መጣ። የአዴ ላም ሞታለች።

«ግራዋ ደስታን መቼ ገትቶ ያውቃል! ባይናገሩም ሟች ነበረች» አለ አባቴ።

ልክ ይሆናል። እናቴ ግን ላሟን አልባ፣ ሕፃኑ በራብ እያለቀሰ፣ ወተቱን እንዳለ በቅል ይዛ ወደ አዴ ሮጠች። እኔም ሕፃኑን አዝዬ ተከተልኳት። አዴ ቅሉን ተቀብለው ለምርቃት ያህል ፉት አሉና መልሰው እጇ ላይ አስቀመጡት።

«ውሰጂ፣ ልጄ። አፌን የከፈትኩት ለሱ ነው» አሉ፣ ወደ ጀርባዬ እያዩ።