የፍልሰታ አጥሚት

የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ቤታችንን የወሰደው በፍልሰታ ጾም መግቢያ ነው። ጎተራው፣ ሁለቱ ፍየሎች፣ የእናቴ አልጋ ሳይቀር አብረው ሄዱ። እሷና እኔ ተርፈን ሸዋ ሮቢት ትምህርት ቤት ከሌሎች የቀወት ተፈናቃዮች ጋር ሰፈርን። "የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ" ይባላል። እኛን ግን አገሩ ራሱ ነው ለቆን የሄደው።

በሳምንቱ የእርዳታ መኪና በጣርማ በር በኩል ወረደ። የገብስ ዱቄትና የወተት ዱቄት ጭኖ ነበር። እኔ አጥሚት ከሚያማስሉት ሴቶች አንዷ ሆንኩ። የቀበሌው ካድሬ የወተት ዱቄቱ ከሁሉም ሰው አጥሚት ጋር ይቀላቀል ብሎ አዘዘ። ለጾመኞች አንድ ድስት ይለይ ብዬ ለመንኩት።

"ጎርፉ ጾመኛ አልለየም፤ እኔ ምን ቤት ነኝ?" አለኝ። ንግግሩ ጥሞት ለጓደኞቹም ሲደግመው ሰማሁ።

እናቴ ቆራቢ ነበረች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ፍልሰታን ሳትቆርብ አሳልፋ አታውቅም። በዚያ ላይ ወባ ይዟታል። የታመመ ሰው ይፈቀድለታል ብላት "ለዚች ሥጋ ብዬ?" አለችኝ። ግትርነቷ ያናድደኝ ነበር፤ አሁንም ያናድደኛል። ሦስት ቀን በውኃ ብቻ ቆየች። በአራተኛው ቀን ተነስታ መቀመጥ ሲያቅታት በጣሳ አጥሚት ቀድቼ ሄድኩ።

"ወተት አለበት?"

"የለበትም፣ እማ። ገብስና ውኃ ነው።"

"ሙቺ በዪኝ።"

"ሙቺ" አልኳት።

ጠጣች። ወባው አፏን አምርሮት ስለነበር ጣዕም አልለየችም። እስከ ጾሙ ፍቺ በየቀኑ ጠጣች፣ እግሯም ጸና። እኔ በውሸቴ ኮራሁ።

የፍልሰታ ዕለት ቆርባ ተመለሰች። ቆራቢ እንደሚያደርገው አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ቃል ሳትተነፍስ ወደ ክፍላችን ስታልፍ ካድሬው ግቢው ውስጥ ሰው ሰብስቦ ነበር። አስቆማት።

"እማማ፣ ቆረቡ? ሲጠጡት የሰነበቱት አጥሚት ወተት ነበረበት። ይኸው፣ ያማሰለችው ልጅዎ ናት፤ ይጠይቋት። ታዲያ እግዜሩ ምን አደረገዎት?"

ከእጁ እርዳታ የሚጠብቅ ሰው ምን ያድርግ፣ አንዳንዱ ሳቀ። እናቴ ቆርባለችና መልስ መስጠት አትችልም። እኔን አየችኝ። እኔ ማማሰያዬን አየሁ። ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ገባች።

ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ፤ ይህን ጥላቻ ለመናዘዝም አልፈልግም። ነገር ግን በእናቴ ሞት የማልኩት እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም።

ውኃው ሲጎድል ተመልሰን ጎጆ ሠራን፣ ብዙ ዓመትም አብረን ኖርን። እኔ ያበሰልኩትን አልቀመሰችም። ምድጃዋን ለየች፣ እንስራዋንም ለየች። ለጎረቤት ክፉዬን አላወራችም፣ እኔንም አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ አልጋ ላይ ስትውል ከእኔ በቀር አስታማሚ አልነበራትም። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውኃ በብርጭቆ ይዤ ቀና አደረግኳት።

"ምን አለበት?" አለችኝ።

"ውኃ ብቻ ነው፣ እማ።"

እንደዚያን ቀን "ሙቺ በዪኝ" ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። ነጠላዋን ስባ አፏን ሸፈነች።