ማንኮራፋቱ

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወረድ ብሎ የነበረውን የእህል መጋዘን እኔ በታሰርኩበት ዓመት እስር ቤት አድርገውት ነበር። በሩ ሲከፈት የሽንት ባልዲው፣ ላቡና የሻገተው እህል አንድ ላይ ፊቴን መታኝ። ደጃፉ ላይ አስመለስኩ።

ሐኪም ከሆንኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። እስረኞቹ ዶክተር መሆኔን ሲሰሙ ግድግዳ አጠገብ ቦታ ለቀቁልኝ። ኮራሁ። ዛሬ ሳስበው ራሴን እጸየፋለሁ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ከምርመራ መልሰው እንደ ጆንያ ጣሉልን። ራሱን አያውቅም። በጀርባው አስተኝቼ ብርድ ልብስ አጥፌ ከራሱ ሥር አደረግሁለት። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

"እንቅልፍ ወስዶታል፤ ይረፍ" አልኩ። ሁሉም አመኑኝ።

ከጥግ አንድ አዛውንት ተነሡ። በፋብሪካ ክሊኒክ ድሬሰር ሆነው ቁስል ሲያጥቡ ያረጁ ሰው ናቸው።

"ዶክተር፣ ይኼ እንቅልፍ አይደለም። ምላሱ ጉሮሮውን ዘግቶበት ነው።"

የሰውየውን ከንፈር አየሁት፤ ጠቁሯል። የተዘጋ ጉሮሮ መክፈትን ትምህርት ቤት በላስቲክ አሻንጉሊት ላይ አንድ ጊዜ ሠርቼ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። አሁን እጄን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ።

"ጋሼ፣ ረስቼዋለሁ" አልኩ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

አዛውንቱ ብርድ ልብሱን ከራሱ ሥር ጎትተው ጣሉት። "አፉን ጥረግለት" አሉኝ። ጣቴ ደምና ትውከት አገኘ፤ መለስ አደረግሁት።

"ኋላ ትጸየፋለህ። መንጋጋውን ከሁለት በኩል ያዝና ወደ ላይ ሳብ።"

ጣቶቼን ገፍተው ከጆሮው ሥር አስቀመጡልኝ። ሳብኩ። ማንኮራፋቱ ቆመና አየር ሲገባ ሰማሁ። ከዚያ በጎኑ አዙረን አስተኛነው። ሲመሽ ውኃ ጠየቀ።

በማግስቱ ጠዋት አዛውንቱ እፊቴ በጀርባቸው ተጋደሙ።

"በል ሥራው።"

"ትናንት ሠራሁት እኮ፣ ጋሼ።"

"ትናንትማ ሠራህ። ዛሬስ?"

በየማለዳው እንዲሁ ሆነ። ስማቸው የተጠራ ዕለት ዘበኛው በሩን ከፍቶ ቆሞ ሳለ እሳቸው መሬት ላይ ነበሩ። ሳይነሡ "ልጁ ትምህርቱን ይጨርስና እመጣለሁ" አሉት። ዘበኛው ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጠበቀ። ስጨርስ ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉና ወጡ። አልተመለሱም።

አሁን ጀማሪ ሐኪሞች አስተምራለሁ። በየጊዜው ጠርቼ ይህንኑ የመንጋጋ ሥራ አስደግማቸዋለሁ። "አምና ያለፍነውን ፈተና!" እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ሰርተፍኬታቸውን ሲያሳዩኝ ያቅለሸልሸኛል። እኔ የተማርኩበት መንጋጋ ሽበታም ጢም እንደነበረው ግን ነግሬያቸው አላውቅም።