አያ ተገኘ የቆፈረው ጥግ

ባለፈው ሳምንት ከልደታ አስቀድሼ ከዘራዬን ተደግፌ ወደ ቤቴ ስወርድ፣ ከአንድ አጥር ግቢ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃ ሲረግጡ አየሁ። ዛሬ በጎንደር ቤት ሁሉ በብሎኬትና በሲሚንቶ ስለሆነ፣ በጭቃ የሚሠራ ሰው ማየት ብርቅ ነውና ቆም አልኩ፤ ያቆመኝ ግን ዓይኔ ሳይሆን አፍንጫዬ ነበር። የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ሦስት አራት ቀን ሲያድር የሚያወጣው፣ ከጠላ ቤት ይምጣ ከከብት በረት የማይለይ ኮምጣጣ ሽታ አለ። ያ ሽታ ሰባ ዓመት ወደ ኋላ መለሰኝና፣ ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ያህል በሆነው ጊዜ፣ ከአንገረብ ወንዝ በላይ ዳገቱ ላይ ተለጥፋ ከነበረችው ቤታችን ደጃፍ አቆመኝ።

ቤቷን አባቴ ነው በእጁ የሠራት። እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ እንጨትና ጭቃ ነበረች። አባቴ ከነጋዴዎች ጋር ወደ መተማ ወርዶ፣ ንዳድ ይዞት መንገድ ላይ ከቀረ በኋላ ግን ቤቷም ተከትላው መሞት ጀመረች። ምርጊቱ እየተላጠ ማገሩ እንደ ከሳ ሰው ጎድን ገጦ ወጣ፣ ጣራው ዝናብ ባካፋ ቁጥር በአራት ቦታ ያለቅስ ነበር፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ክረምት ሲገባ ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ ከመሬት ሥር እየሰረገ እኔ የምተኛበትን መደብ ስለሚያረጥበው፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሳል አይለቀኝም ነበር። እናቴ አስካለ ጥጥ ፈትላ የምታሳድረኝ ሴት ነበረች። ቤት ማደስ ማለት ለእሷ የባለጠጋ ወሬ ነው፤ የሚያፈስበት ቦታ ላይ ገንቦ ታስቀምጥና ውሃ ከመቅዳት ዳንኩ ብላ ትስቃለች።

አያ ተገኘ የመጣው እኔ አሥር ዓመት ሲሞላኝ ነው። አገሩ ጭልጋ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነበር። በጣሊያን ጊዜ ለግንበኞች ድንጋይና ኖራ ሲሸከም ኖሮ፣ ማንም ሳያስተምረው ሙያውን በዓይኑ ሰርቆ አወቀ። የጎረቤታችንን ግድግዳ ሊመርግ መጥቶ ውሃ ከእናቴ ጠየቀ፣ በማግስቱም ጠየቀ፣ ጎረቤት ውሃ ያጣ ይመስል በሦስተኛውም ቀን ጠየቀ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልኮ አገባት። ይዞት የገባው ሀብት አንድ መዶሻ፣ አንድ መጥረቢያና የጣሊያን ወታደር የጣለው አሮጌ ቦርሳ ነበር።

ገና ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ዞሮ አየና፣ ለእናቴ «ገንዘብ የለንም፤ እጅ ግን አለን» አላት። ከዚያ በኋላ የሆነው ለሠፈሩ ትንግርት ነበር። ሰው የጣለውን የላምባ ጣሳ እየሰበሰበ፣ በመቀስ እየቀደደ፣ በድንጋይ ላይ እየቀጠቀጠ እንደ ወረቀት ዘረጋውና የሚያፈሰውን ጣራ ጠገነበት። የጎበጠ ምስማር ከመንገድ እየለቀመ፣ ደጃፍ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ያቃናል፤ እስካሁን ማለዳ ስነሳ ቀ፣ ቀ፣ ቀ የሚል ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል። ከተሰበረ የዕቃ ሣጥን መደርደሪያ ሠራ። ነጭ አፈር ከወንዝ ዳር በጆንያ አምጥቶ፣ በጥብጦ፣ አጥልሎ፣ በጭራሮ መጥረጊያ ግድግዳውን ሲቀባው ቤታችን ጥርሷን እንደፋቀች ልጃገረድ ሆነች። አንድ ቀን ደግሞ ጣሊያኖች ትተውት ከሄዱት መጽሔት ላይ ገጾች ቀዶ፣ ዱቄት በጥብጦ ከመደርደሪያው በላይ ለጠፈ። ከሥዕሎቹ አንዷ ሳሙና የያዘች ነጭ ሴት ነበረች። ዓይናቸው የደከመ አንዲት የሠፈራችን መነኩሴ ሊጠይቁን ሲመጡ ሦስት ጊዜ ተሳለሟት፤ እናቴም እማሆይን ላለማሳፈር ዝም አለች።

እኔ ግን ይህ ሁሉ ደስ አላለኝም። እያንዳንዱ ስንጥቅ በተደፈነ ቁጥር አባቴ ከቤቱ አንድ እርምጃ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። አያ ተገኘ ሲሠራ እኛ በማናውቀው በእናቱ ቋንቋ ያንጎራጉራል፤ ያም አስፈራኝ። በስሙ አልጠራውም፣ እሱ «ስመኝ» ብሎ በስሜ ሲጠራኝም የምሰማው ሁለተኛ ሲደግመው ነበር።

አክስቴ ውድነሽ፣ የአባቴ እህት፣ ይህን ከፊቴ ላይ አነበበች። ወንድሟ ከሞተ አራት ዓመት ቢያልፍም ከሏን አላወለቀችም ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ ትወስደኝና፣ ማር የተቀባ ቂጣ ሰጥታ፣ እንደ ዋዛ ትጠይቀኛለች። ዛሬ የት ጀመረ? የትኛውን ግድግዳ ነካ? ሲሠራ በር ይዘጋል? እንደ እሷ አባባል፣ አባቴ ጣሊያን ሲወጣ ካንድ መጋዘን አንድ ሣጥን ጠገራ ብር ይዞ መጥቶ ከቤቱ ሥር ቀብሮታል፤ የት እንደቀበረው ለማንም ሳይናገር ሞተ። «የጭልጋ ሰው ባዶ እጁን መጥቶ የሰው ቤት የሚያሳምረው ለጽድቅ ነው?» ትለኛለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ። ዓይንሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩ። እንዝርቴን ይዤ ጥግ እቀመጥና የምፈትል እመስላለሁ፤ ክሬ ግን እየወፈረና እየተበጠሰ እናቴን ያስቆጣት ነበር። እሱ ወደ ውጭ የሚያወጣውን አፈር፣ ወደ ቤት የሚያስገባውን ድንጋይ ሁሉ አያለሁ። በሰኔ መጀመሪያ ላይ ግን ግድግዳውን ትቶ ወለሉን መቆፈር ጀመረ። ያውም እኔ የምተኛበትን ጥግ። መደቤን አፍርሶ እኔን ከእናቴ ጋር እንድተኛ አደረገና፣ እስከ ጉልበቱ ቆፍሮ ሲያበቃ በላዩ አሮጌ ቁርበት ጣለበት። ግድግዳ የሚያድስ ሰው መሬት ምን አስቆፈረው?

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ ከጋቢው ሥር የተቋጠረ ነገር አወጣና፣ ማንም ያላየው መስሎት ከጎታው ጀርባ ወሸቀው። ለጭቃው ጭድ ሊያመጣ ከጎረቤት ጋር ሲወጣ ጠብቄ ሄድኩና ቋጠሮውን በእጄ ዳበስኩት። ይከብዳል። ገፋ ሳደርገው ቅጭል አለ።

በማግስቱ ለአክስቴ ነገርኳት። እውነቱን ብናገር የሰማሁት ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሷ ግን «አይተሻል?» ስትለኝ፣ ዓይኗ ውስጥ ያለውን ጥማት አይቼ «አዎ፣ አይቻለሁ፤ ብር ነው» አልኳት። እንዲህ ያለች ትንሽ ቃል ከአፌ ስትወጣ ምንም አልከበደችኝም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አክስቴ ባሏንና የነፍስ አባታችንን አስከትላ መጣች። አያ ተገኘ እስከ ክርኑ ነጭ አፈር ተለውሶ ግድግዳ ላይ ነበር። ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ነገሩን አለሳልሰው ተናገሩ፤ የሟች ንብረት ለልጁ እንደሆነ፣ እውነት የያዘ ሰው እንደማይፈራ። እሱ ሄዶ ቋጠሮውን ከጎታው ጀርባ አመጣና ከፊታቸው ፈታው። ስባሪ ነበር። ጣሊያኖች ወለላቸውን ያነጠፉበት የማቶኔላ ስባሪ፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ የጡብ ቀለም ያለው፣ ከፈረሱት ቤቶች ቆሻሻ ላይ የተለቀመና ጥርት ብሎ የታጠበ።

«ይኸ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?» አሉ ቄሱ፣ ሳቅም እፎይታም በተቀላቀለበት ድምፅ።

«ለልጅቱ ጥግ ነው፣ አባ። ርጥበቱ ከታች ነው የሚመጣ። ከሥር ጠጠር፣ ከላይ ይኸ ይሆናል፤ ሳሉ እንዲተዋት።»

«ምነው የደበቅኸው ታዲያ?»

«ሳትጠብቀው ብታየው ሸጋ ነው ብዬ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ግን «ልጅቱ በዓይኗ ብር አይታለች! ብሩን አሽሽቶ ሸክላ ያሳየናል! ይቆፈር!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቀና ማለት አቃተኝ፤ የጣቶቼን ጥፍር አይ ጀመር። እናቴ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። አያ ተገኘ እኔን አላየኝም፤ ያየው እሷን ነው። ረጅም ጊዜ አያት። እሷ ምንም አላለችም። ከዚያ ዶማውን ከጥግ አነሳና በገዛ እጁ ለአክስቴ ባል አቀበለው።

«ቆፍሩ» አለ። «ስትጨርሱ ጥሩኝ።» ወጥቶ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

እስከ ቀትር ቆፈሩ። የኔን ጥግ፣ ከምሰሶው ሥር፣ ከደፉ በታች። የእናቴን መደብ ናዱት፣ አዲሱ ነጭ ግድግዳ በጭቃ ተረጨ። የተገኘው አንድ የዛገ የፈረስ ልጓምና የበግ አጥንት ብቻ ነው። አክስቴ ከአፈሩ ቁልል ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ጀመር፤ የአባቴ መርዶ በተነገረ ቀን እንዳለቀሰችው፣ በስሙ እየጠራች። ያኔ ብር ብቻ እንዳልነበረ የምትፈልገው ገባኝ።

አያ ተገኘ ቤቱን እንደተናደ ጥሎት አልሄደም። ስምንት ቀን ሙሉ፣ ያለ እንጉርጉሮ ሠራ። ጉድጓዱን ደፈነ፣ መደቡን መልሶ አቆመ፣ ግድግዳውን ዳግም ቀባ። የኔን ጥግ ጠጠር አልብሶ፣ አሸዋ ነስንሶ፣ ስባሪዎቹን አንድ በአንድ በኖራ እያጣበቀ ሲደረድር አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ሰማያዊው መሐል ሆኖ ቢጫው ዙሪያውን ከበበው፤ እንዲህ ያለ ነገር ባላባት ቤት እንኳ አላየሁም ነበር። በመጨረሻው ቀን እጁን በውሃ ታጠበና «ስመኝ፣ ነይ ርገጪው» አለኝ። በባዶ እግሬ ቆምኩበት። «ደረቅ ነው?» አለኝ። «ደረቅ ነው፣ አያ ተገኘ» አልኩት። በስሙ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር። ራሱን ነቀነቀ።

ቅዳሜ እናቱን ልጠይቅ ብሎ፣ መዶሻውንና ቦርሳውን ይዞ ወደ አገሩ ወደ አይከል ወጣ። አልተመለሰም። ለመስቀል ይመጣል አልን፤ ለጥምቀት ይመጣል አልን። አንድ ነጋዴ ወደ ሱዳን ድንበር ሲሠራ አየሁት አለን፣ ሌላው አላየሁትም አለ፤ ከዚያ በኋላ ስሙን የሚያነሳ ጠፋ።

በዚያ ክረምት አልሳልኩም። በሚቀጥለውም አልሳልኩም። ጥጉን ለማየት የሠፈሩ ሴቶች እየመጡ ይደነቁ ነበር፣ ባሎቻቸውም ስባሪ ፍለጋ ፍርስራሹን አመሱት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በዳገቱ ላይ ባለቀለም ጥግ የሌለው ቤት አልነበረም። አክስቴ ብቻ እስከ ዕለተ ሞቷ «ብሩን ባያገኝ ኖሮ ምን አስኬደው?» ትል ነበር።

እኔ አደግሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ያቺ «አይቻለሁ» ያልኳት ቃል ግን ከውስጤ አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ ሰው በጎ ሲያደርግልኝ አስቀድሜ ከጀርባው ያለውን የምፈልግ ሰው ሆንኩ፤ ባሌ ጨዋ ሰው ነበር፣ አርባ ዓመት አብሮኝ ኖሮ ግን የልቤን በር ገርበብ ብሎ እንጂ ተከፍቶ ሳያየው ሞተ። እናቴ በመጨረሻ ሕመሟ ላይ ሆና፣ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከእንግዲህ ጊዜ እንደሌለ ሲገባኝ ተናዘዝኩላት።

«እማ፣ ያኔ ብር አይቻለሁ ያልኩት ውሸት ነበር። እኔ ነኝ ያስኬድኩት።»

ፊቷን ወደ ጣራው መለሰች። «አውቃለሁ» አለች። «ያን ቀን ከፊትሽ አውቄዋለሁ። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፤ ሕፃን ብዙ ይላል። እሱ በአንቺ ቃል የሚሄድ ሰው አልነበረም።»

«ታዲያ ምነው ሄደ?»

«ዶማውን ሳይሰጣቸው በፊት አየኝ፤ አላስተዋልሽም? አንዲት ቃል ነበር የጠበቀው። ‹ቤቴን አትንኩ› ብል ይበቃው ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔም ጠርጥሬው ነበር፣ ልጄ። ምናልባት ቢኖርስ ብዬ፣ እኔም እንዲቆፈር ፈልጌ ነበር። እሱ እኔን ሲያይ፣ እኔ ጉድጓዱን ነበር የማይ።»

በአራተኛው ቀን አረፈች። አያ ተገኘ ወደ አይከል የወጣ ዕለት እናቴ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም ነበር። ከዚያ በኋላ አርባ ስድስት ዓመት ኖረች፤ ብቻዋን።