የጋሽ ኮጆ ሲባጎ

ኮሮና የላስ ቬጋስን ካዚኖዎች ሲያዘጋ ከሥራ ወጣሁና ዊትኒ የሚባለው ሰፈር፣ ጋሽ ኮጆ ቤት ገብቼ እሳቸውን መንከባከብ ጀመርኩ። የጋና ሰው ናቸው፤ ዘጠና ሰባት ዓመት የሞላቸው፣ ጆሯቸው የደከመ፣ ግትር ሽማግሌ። በወጣትነታቸው እንግሊዞች ወስደው በርማ ጫካ ውስጥ ከጃፓኖች ጋር አዋግተዋቸዋል።

በክረምቱ በሽታው እኔኑ ያዘኝ። እሳቸው ላይ እንዳላጋባባቸው ክፍሌን ዘግቼ ተኛሁ፤ ምግባችንን ልጃቸው ደጅ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች።

ጋሽ ኮጆ ግን በበሩ ሥር ሲባጎ አሾልከው «እጅሽ ላይ እሰሪው» አሉኝ። አሰርኩት። ትንሽ ቆይተው ሳብ! እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ደግሞ ሳብ!

«ኧረ በፈጠረዎት፣ ያስተኙኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ከበሩ ማዶ ሆነው «ጫካው ውስጥ መናገር ክልክል ነበር» አሉ። «ጃፓኖቹ ቅርብ ናቸው። እኔና ጓደኛዬ አዳሙ በየጉድጓዳችን ሆነን በገመድ እንያያዛለን። እኔ ስስብ እሱም ይስባል፤ አለሁ ማለቱ ነው። አንድ ጠዋት ግን ብስበው፣ ብስበው…»

አልጨረሱትም። ከዚያ ወዲያ ራሴን ቀና ማድረግ ሲያቅተኝ እንኳ መልሼ መሳቡን አልተውኩም።

ድኜ በሩን ስከፍት ኮሪደሩ ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ሲባጎው ጣታቸው ላይ ተጠምጥሟል። ቀስ ብዬ ልፈታላቸው ስል፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሳቡት።

አፌን ሳልከፍት መልሼ ሳብኩላቸው።