ዘይነባ የከፈተችው ሬዲዮግራም

ጉርድ ሾላ፣ ስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ ቆሜ የቀለጠ የመበየጃ እርሳስ ሲሸተኝ የካ ያለው ቤታችን ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። አባባ ቀበሌ ስብሰባ ሄዷል። ቴክኒክ ትምህርት ቤት የምትማረው ታላቅ እህቴ ዘይነባ፣ እሱ እንዳትነካው ያስጠነቀቃትን ሬዲዮግራም፣ ሸክላም የሚያጫውተውን ትልቁን ሬዲዮ፣ ከፈተችው።

«እነዚህ ትንንሾቹ ዕቃዎች፣ ኮንደንሰሮቹ፣ አርጅተዋል። ድምፁን ያፈኑት እነሱ ናቸው» አለችኝና አሮጌዎቹን እየነቀለች መምህሯ የሰጧትን አዳዲሶች በቀለጠ እርሳስ በየዳ ተካች። እኔ አጠገቧ ተንበርክኬ የነቀለቻቸውን እቀበላታለሁ።

የመጨረሻውን እንደበየደች የአባባ ሳል ከደጅ ተሰማ። ዘይነባ ክዳኑን እንኳ ሳትገጥም እሱ የሚወደውን የክራር ሸክላ አጫወተች።

አባባ ገብቶ ኮፍያውን ሳያወልቅ ቆመ። ሊቆጣ ነው ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ጆሮውን አዘንብሎ፣

«ይሄ ክራር እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለ።

«እዚያው ነበር፣ አባባ። ታፍኖ ነው።»

«ታፍኖም አልጠፋማ» አለ ቀስ ብሎ። ያኔ ስለ ክራሩ ብቻ እንጂ ስለ ዘመኑም የሚያወራ አልመሰለኝም ነበር።

ሸክላውን ሦስት ጊዜ አስደገማት። እኔ ምንጣፉ ላይ እዘላለሁ።

አባባ ዛሬ አርጅቷል። ለእንግዳ ሲያወራ ግን «እኔና ዘይነባ የጠገንነው ሬዲዮግራም» ይላል፤ ዘይነባም አታርመውም።